ዳሩን ያዝ

ለዋና ውድድር ቫንስብሮ ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይ ግን ገና አልጠለቀችም። ጁላይ መጀመሪያ ላይ የስዊድን ምሽት እንዲህ ነው። ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን ምዕራብ ከሦስት ሰዓት በላይ ነዳን። መንገዱ ጥድና ሐይቅ፣ እንደገና ጥድና ሐይቅ ነው። መኪናውን እንዳቆምን ወንዙን ለማየት ወረድን።

እኔ የገንዳ ልጅ ነኝ። ዋና የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ግዮን ሆቴል ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ እሱን ያስተማረው ጣና ነው። ስቶክሆልም ገንዳ ውስጥ ስንዋኝ አንድም ቀን ቀድሞኝ አያውቅም።

የቫንስብሮ ዋና ከ1950 ጀምሮ የሚካሄድ የ3 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው። ስዊድኖች በ12 ወር ውስጥ ለመጨረስ ከሚመኟቸው አራት ውድድሮች አንዱ ነው። ሌሎቹ የ90 ኪሎ ሜትሩ የበረዶ ሸርተቴ ቫሳሎፔት፣ ቬተርን ሐይቅን በብስክሌት መዞርና የ30 ኪሎ ሜትሩ የሊዲንጎ ሩጫ ናቸው። የዋናው ልዩነት መንገዱ ላይ ነው። የመጀመሪያውን 2 ኪሎ ሜትር በቫንኦን ወንዝ ከውሃው ጋር ትወርዳለህ። ወንዙ ቬስተርዳልኤልቨን ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋር ሲገናኝ ትታጠፍና የቀረውን 1 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ትዋኛለህ።

ጓደኛዬ ሁለት ጭራሮ ሰብሮ አንዱን ወደ መሐል፣ አንዱን እግሩ ሥር ወረወረ። የመሐሉ ወዲያው ከዓይናችን ጠፋ። የዳሩ እዚያው ይንገዋለላል።

"አየህ? እኛ ጋ ታንኳ የሚቀዝፉት ሽቅብ ሲሄዱ መሐል አይገቡም። ነገ ስትታጠፍ ዳሩን ያዝ።"

እሺ አልኩት። ልቤ ግን ሰዓቴ ላይ ነበር። ገንዳ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች እጨርሳለሁ።

ጠዋት ውሃው 17 ዲግሪ ነበር። ዌትሱት የሚባለው የጎማ ልብስ አንገት ስለሚልጥ ቫዝሊን ተቀባባን። ስገባ ገላዬ ብዙም አልበረደውም፤ ፊቴ ግን ውሃውን ሲነካ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አየር በረጅሙ እያስወጣሁ ቆየሁ። ሌላ መድኃኒት የለውም፤ ከሮጥክ ይብስብሃል።

ውሃው ወተት ያልገባበት ሻይ ይመስላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ከጥድ ጫካና ከረግረግ የሚወጣ ቀለም ነው። የዘረጋሁትን እጄን ጣቶች እንኳ አላይም። ገንዳ ውስጥ ከሥርህ መስመር አለ፣ በየ25 ሜትሩም ግድግዳ። እዚህ ምንም የለም። ቀጥ ብዬ የምሄድ መስሎኝ ከሰው እግር ጋር ተላተምኩ። ከዚያ በኋላ በየስድስት ቀዘፋው ዓይኔን ብቻ ብቅ እያደረግኩ አያለሁ። ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ ከወጣ እግር ይሰምጣል። የማየውም ትንሿን ተንሳፋፊ ምልክት ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን ረጅም ዛፍ ነው፤ ይህንንም ያስተማረኝ ጓደኛዬ ነው። ሁለቱ ኪሎ ሜትር ሳላስበው አለቀ።

መታጠፊያው ላይ ወንዙ ደረቴን ገፋኝ። በርትቼ ቀዘፍኩ። ቀና ስል ዳር ላይ አንድ ነጭ የበርች ዛፍ አየሁ። ሃያ ጊዜ ቀዝፌ ቀና አልኩ። ያው ዛፍ። እንደገና ሃያ። አሁንም ያው ዛፍ!

በስተግራዬ፣ ዳር ዳሩን፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴቶች በደረት ቀዘፋ፣ እያወሩ፣ ተሰልፈው ያልፉኛል። ጭራሮው ያኔ ትዝ አለኝ። ወደ ዳር አግድም ቆረጥኩ። ጣቶቼ ሣር ሲነኩ የውሃው ግፊት ቀለለ፤ ዛፉም ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

ስወጣ ጓደኛዬ ፎጣ ተከናንቦ በፔርሙዝ የዝንጅብል ሻይ ይዞ ይጠብቀኛል። ስድስት ደቂቃ ቀድሞኛል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ጠጣሁ።

ትንሽ ሞቅ ሲለን ወደ መታጠፊያው በእግር ተመለስን። አንድ ጎልማሳ መሐል ላይ በኃይል ይቀዝፋል፤ ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለታችንም ሳናስበው "ዳሩን! ዳሩን ያዝ!" ብለን በአማርኛ ጮህን። ቀና ብሎ አየን። በእጃችን ወደ ሣሩ አመለከትነው። ዞር አለ።