ጎመኑን ያበዛሁ ዕለት

እናቴ በአንድ ስኒ ቡና ላይ ሁለት ጊዜ ስኳር ጨምራ ሰጠችኝ። ቀምሼ ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት ምድጃውን ሳታጠፋ ጎረቤት ሄዳ ስለነበር፣ ማታ ማታ ስለ ምግብና ስለ አንጎል ማንበብ ጀመርኩ።

የጀመርኩት በእርድ ነው። አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። ብርጭቆዎቻችን ቢጫ ሆነው ቀሩ፤ እርሷም «ይኼ እኮ ለወጥ ነው» እያለች ፊቷን አኮማትራ ትጨልጠው ነበር። እውነቷን ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በውሃ አይሟሟም፣ ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን የቁንዶ በርበሬው ፒፐሪን ሲታከልበት ወደ ደም የሚገባው መጠን 20 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የእናቴ የድንች አልጫ እርዱን በዘይት ያቁላላል፣ ሊወጣ ሲል ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል። እኔ ያንን ትቼ ብርጭቆ ሳበላሽ ከረምኩ።

ከዚያ ወደ ጎመን ዞርኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የቺካጎ ጥናት 960 አረጋውያንን ተከታትሎ፣ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ቅጠላ ቅጠል የሚበሉት ሰዎች የማስታወስ ችሎታ እምብዛም ከማይበሉት ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚደክም አሳይቷል። ጎመኑ ይሁን ሌላው አኗኗራቸው ግን በዚህ አይለይም። በ2023 ደግሞ ቅጠላ ቅጠል የሚበዛበት አመጋገብ በ604 ሰዎች ላይ ለሦስት ዓመት ተሞክሮ ከሌላው ቡድን ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። ይህንን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

እናቴ ለልብ ምት መዛባት ዋርፋሪን የተባለ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። መድኃኒቱ የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ተግባር በማገድ ነው፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የነበረውን በየቀኑ ሳደርገው፣ በቀጣዩ ምርመራ አይ ኤን አሯ፣ ማለትም ደሟ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ2 በታች ወርዶ ተገኘ። ደሟ እንዲረጋ ያመቻቸሁት እኔ ነኝ! ሐኪሙ አልተቆጣም። «ጎመኑን አይከልክሏት፤ መጠኑን ግን አይቀያይሩባት» አለኝ። ከውጭ ያስመጣሁትን የእርድ እንክብል ሳሳየው ግን፣ ከዋርፋሪን ጋር ደም መፍሰስ ሊያስከትል ስለሚችል እንዳልሰጣት ነገረኝ።

አሁን ጎመን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው፤ አንድ ጭልፋ፣ በዘይት የበሰለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ በሦስት ቀን እንደማትወሰን ስለማውቅ፣ የደም ምርመራ ቀጠሮዋን ወደ ጾሙ ሁለተኛ ሳምንት አስለውጫለሁ።