ወፍራሙ ቢላ በሽንኩርት ተሸነፈ

ባለፈው የካምፕ ፎቶ ስለጥፍ "ያ ትልቁ ቢላ ምንድነው፣ እኛም እንግዛ እንዴ" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይሄው፣ ግን እንደጠበቃችሁት ላይሆን ይችላል።

ሶስት ቢላ አወዳድሬያለሁ። ትልቁ ቤከር ቢኬ 2 ይባላል፣ ካባር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው የሚያወጣው። ስለቱ 13 ሴንቲ ምናምን ይሆናል፣ ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ያልፋል፣ ክብደቱ ወደ ግማሽ ኪሎ ተጠግቷል። የገዛሁት ዩቲዩብ ላይ ሲቀጠቅጡት አይቼ ነው፣ ጫካ ብጠፋ ይሄ ያወጣኛል ብዬ። እኔ ደግሞ የምኖረው ስቶክሆልም፣ እዚህ ጫካ ጠፋሁ ብትል ትንሽ ከሄድክ አውቶብስ ፌርማታ ላይ ነው የምትወጣው።

ሌሎቹ ሁለቱ የዚሁ አገር ናቸው፣ ሞራ ከተማ ካለውና ከ1891 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሚሰራው ከሞራክኒቭ ኩባንያ። አንዱ ኮምፓኒየን፣ እጀታው ላስቲክና ፕላስቲክ፣ ርካሽ ነገር። መጀመሪያ ያየሁት ኮንስትራክሽን ስሰራ ነው፣ የስዊድን የስራ ሱሪ ጎኑ ላይ ለቢላ አፎት የሚሆን ቁልፍ አለው፣ ሁሉም እዛ ላይ አንጠልጥሎት ነው የሚውለው፣ ካርቶን ይቀድበታል፣ ገመድ ይቆርጥበታል፣ ምሳም ሲሆን ቋሊማውን በሱው። ሁለተኛው ጋርበርግ፣ 3.2 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ የሚያልፍ። የኮምፓኒየን ብረት ግን እጀታው ውስጥ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

ሶስቱንም ቦርሳ ስር ቀብሬ (እዚህ ያለ በቂ ምክንያት ቢላ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ወንጀል ነው፣ ካምፕ መሄድ ምክንያት ነው፣ ቢሆንም ባቡር ውስጥ ወገብህ ላይ አታስረውም) ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቲረስታ ሄድን። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ወደ 450 ሄክታር የተቃጠለበት ጫካ ነው፣ እሳት የሚነደው በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የበርች እንጨት በጆንያ ገዝተን ተሸክመን ገባን። ዝናቡ ደግሞ አላቆመም።

መፍለጡ ላይ ቤከሩ ማንም አልደረሰበትም። ስለቱን እንጨቱ ላይ አስቀምጠህ ጀርባውን በሌላ እንጨት ስትመታው ልክ እንደ ሽብልቅ ይገባና በውፍረቱ ራሱ ይገነጥለዋል። ጋርበርግ የእጅ አንጓ የሚያህለውን ፈለጠ፣ ትንሽ አስለፋኝ እንጂ። ኮምፓኒየን ቀጫጭኑን ፈልጦ አንድ ጉጥ ያለበት ላይ ተነከሰና ቀረ፣ እጀታው ይለቃል ብዬ ፈርቼ ተውኩት። እስከዚህ ድረስ ቤከሬን እያሞገስኩ ነበር፣ ጓደኛዬ ግን ዝም ብሎ ከቦርሳው ትንሽ መጥረቢያ አወጣና እኔ ሩብ ሰዓት የደበደብኩትን በሁለት ምት ጨረሰው። አንድ ቃል አልተናገረም፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

እሳት ማንደዱ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። እርጥብ ቀን ክብሪት ግንድ አያቃጥልም፣ ስለዚህ ከፍልጡ ደረቅ ውስጡን እንደ ወረቀት በስሱ ትልጣለህ፣ ሳትቆርጠው፣ ልጣጩ እንደተጠቀለለ እንጨቱ ላይ እንዲቀር። የሞራዎቹ ስለት ጎንና ጎኑ በሰፊው ጠፍጥፎ የተሞረደ ስለሆነ እንጨቱ ላይ ተኝቶ ይሄዳል፣ አንተ መግፋት ብቻ ነው። ቤከሩ ወይ ጠልቆ ይገባል ወይ ይንሸራተታል፣ አምስት ጊዜ ሞክሬ አምስቴም ልጣጩን ቆርጦ ጣለው፣ በስድስተኛው አውራ ጣቴን ጫር አደረገኝ።

የእሳት ብረት (ሲፋቅ ብልጭታ የሚሰጥ ዘንግ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የቢላው ጀርባ ጠርዙ ስል መሆን አለበት። የጋርበርግ ለዚሁ ተብሎ የተሞረደ ነው፣ ብልጭታው እንደ ብየዳ ነው የሚረጨው። ኮምፓኒየን እምብዛም። ቤከሩ ጥቁር ቅብ ስላለው ቅቡን ካልፋቅከው ወፍ የለም። የበርች ቅርፊት እንደ ላምባ ነው የሚነደው፣ ግን ከፍልጡ ላይ ላጡት፣ እዚህ አገር ከቆመ ዛፍ ቅርፊት መላጥ አይፈቀድም።

ከዛ ጥብሱ መጣ። የካምፕ ስራ ስንል እኮ ለካ አብዛኛው ወጥ ቤት ነው። ቤከሩ ሽንኩርት አይከትፍም፣ ይፈነክታል፣ ቲማቲሙንማ ጨፈለቀው። ጓደኛዬ "በሬ ልታርድ ነበር እንዴ የመጣኸው?" አለኝ። ኮምፓኒየን ግን ቀጭን ስለሆነ እናቴ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ትስላት የነበረችውን ቢላ ነው ያስታወሰኝ፣ ስጋውን ከጅማቱ ሲለይ እጄ ምንም አልከበደውም።

በቤከሩ ሎሚ ቆርጬ ሳልጠርገው ተኛሁ። ጠዋት ስለቱ ብርቱካንማ ሆኖ ጠበቀኝ፣ 1095 የሚባለው ካርቦን ብረት እንደዛ ነው፣ ቅቡም የተሳለውን ጠርዝ አይሸፍነውም። የኔ ጋርበርግ አይዝጌ ነው፣ እሱም ዝናብ ላይ አድሮ ምንም አልሆነም።

እና እንግዛ ወይ ላላችሁ፣ ኮምፓኒየን ግዙና በተረፈው ትንሽ መጥረቢያ ጨምሩበት። አንድ ብቻ ነው የምሸከመው የሚል ካለ ጋርበርግ። ቤከሩን የሚፈልግ ሰው ደግሞ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ዝገቱን አራግፌዋለሁ።