ጋራዡ ሳይሞላ የወጣው ሰሌዳ

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እዚህ ከተማ በዚህ ሥራ የተሰማራ ሐበሻ ብዙ ነው። ካሸሩም፣ መኪና አቋሚውም፣ ሱፐርቫይዘሩም የኛ ሰው የሆነበት ጋራዥ አለ። እኔም አሁን ሱፐርቫይዘር ነኝ።

ድርጅታችን በርከት ያሉ ጋራዦች ያስተዳድራል። በ2024 መጨረሻ አካባቢ ማናጀሩ አንድ ደንብ አወጣ። በየሦስት ወሩ ገቢው ከዕቅዱ በታች በጣም የወረደ ጋራዥ፣ ከአዲስ ተቀጣሪዎች ውስጥ ቀድሞ ይመርጣል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ የደከመውን ማገዝ ነው። ጎበዝ መኪና አቋሚ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ምሽት ላይ ቁልፉን የሚጠብቀውን ሰልፍ ቶሎ ቶሎ የሚያቃልል ልጅ ያገኘ ሱፐርቫይዘር እፎይ ይላል።

የሩብ ዓመቱ ማለቂያ ሲቃረብ፣ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ባለበት ምሽት፣ ቻይናታውን ባለው ጋራዣችን በኩል አለፍኩ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። በራችን ላይ ግን «ሞልቷል» የሚለው ሰሌዳ ወጥቷል። ልጆቹን ሰላም ልበል ብዬ ገባሁ። ታችኛው ወለል ወና ነው። የቁልፍ ሳጥኑ ግማሹ መንጠቆ ባዶ ነው። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ያያሉ።

«ምነው?» አልኩት አንዱን።

ከዩኒፎርሙ ኪስ የታጠፉ ብሮች አውጥቶ አሳየኝ። ሁሉም ባለ አንድ ዶላር ናቸው። «ጋሼ፣ በጨዋታ ቀን ቲፕ እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ሰው እስኪመጣልን ታገሡ ተባልን» አለኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ አዲስ ሰው ቀድሞ ለማግኘት ገቢው ሆን ተብሎ እንዲወርድ እየተደረገ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ ላይ ማድረስ ግን አልወደድኩም። መጀመሪያ ሱፐርቫይዘሩን ቡና ጋበዝኩት። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ታታሪ ሰው ነው። አልካደም። «ባለፈው ሩብ ዓመት ልጆቼን አስጨንቄ አሠራሁ። ከመጨረሻው በጥቂት ተሻልኩና ሰው ተከለከልኩ። እስቲ ፍረደኝ፣ ጎበዝ በመሆኔ አልተቀጣሁም?» አለኝ። እውነቱን ነው። ደንቡ እሱን የመሰለውን ሰው እንኳ እንዲሸነፍ አስተምሮታል።

በዚያው ሰሞን ከጋራዡ ማዶ የሚጫወተው ቡድንም ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ነበር። ዊዛርድስ በ2023-24 ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች 67ቱን ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 64 ተሸነፈ። ቡድኑ በሚጫወትበት የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መውረድ የለም። ታች የቀረ ቡድን ምርጥ ወጣቶችን በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ቀድሞ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋቾቹን ያሳርፋል፣ ይሸጣል። ታንኪንግ የሚሉት ይህንን ነው። ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ግን ልሸነፍ ብሎ አይጫወትም፤ እንጀራው ነው። ሽንፈቱ የሚታቀደው ቢሮ ውስጥ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ተጫዋቹና ትኬት የገዛው ደጋፊ ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ ባለ አንድ ዶላሮቹን ያሳየኝ ልጅ።

በሜይ 2025 ሱፐርቫይዘሮች ስብሰባ ተቀመጥን። ጉዳዩን የሰውየውን ስም ሳልጠራ አነሳሁ። ማናጀሩ የቅርጫት ኳስ ወዳጅ ነው። ወዲያው «ከታች ያሉት ሦስቱ ዕጣ ይውጣላቸው» አለ። የኤንቢኤ መፍትሔም ይኸው ነበር። በ1985 ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው የመጨረሻ ዙር) ላልገቡት ሰባት ቡድኖች እኩል ዕድል ሰጥቶ፣ ፖስታ ውስጥ በተከተተ ዕጣ አወጣ። የኒውዮርክ ቡድን አንደኛ ወጥቶ የዚያን ዓመት ምርጥ ወጣት ፓትሪክ ኢዊንግን አገኘ። ከሁሉም በታች ከነበሩት ሁለቱ አንዱ የሆነው ጎልደን ስቴት ሰባተኛ ወጣ። ኋላ ደካማው የተሻለ ዕድል እንዲኖረው ተደረገ። በ1993 ግን ግማሹን ጨዋታ ያሸነፈው ኦርላንዶ ከ66 አንድ በሆነ ዕድል አንደኛ ወጣ። አሁንም ተቀየረና የመጨረሻው ቡድን ዕድል 25 በመቶ ደረሰ። በ2019 ደግሞ የታችኞቹ ሦስት ቡድኖች እኩል 14 በመቶ እንዲኖራቸው ተደረገ።

ስብሰባው ላይ ስንቀመጥ የዚያ ዓመት ዕጣ ገና መውጣቱ ነበር። 17 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ዩታ አምስተኛ ወረደ። የኛው ዊዛርድስ ስድስተኛ። አንደኛውን ምርጫ በ1.8 በመቶ ዕድል ዳላስ ወሰደው። ይኸው ዳላስ በ2023 ፕሌይኦፍ የመግባት ተስፋ እያለው ተጫዋቾቹን አሳርፎ 750 ሺህ ዶላር የተቀጣ ቡድን ነው። ዕጣ ሆን ብሎ የተሸነፈውን ከእውነት ከደከመው አይለይም። ሁለቱንም እኩል ይመታል። ለእኔ ዋናው ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ሽንፈት የሚያስገኘው ነገር እስካለ ድረስ 14 በመቶም ቢሆን ሰው ይሞክረዋል።

ያቀረብኩት ሐሳብ በጃንዋሪ 2024 ከጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ የወሰድኩት ነው። እዚያ ቡድኑ ከፕሌይኦፍ ውጪ መሆኑ ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ የሚሰበስበው ነጥብ ይቆጠራል። ብዙ የሰበሰበው ቀድሞ ይመርጣል። ደካማው ቀደም ብሎ ስለሚወጣ ነጥብ የሚሰበስብበት ጨዋታ ይበዛለታል። እርዳታውም አይቀርበትም፣ የሚያገኘው ግን አሸንፎ ነው።

ማናጀሩ ትንሽ አሰበና ወደ እኛ ሥራ እንመልሰው አለ። አሁን በሩብ ዓመቱ አጋማሽ ከዕቅድ በታች ያሉ ጋራዦች ይለያሉ። ከዚያ በኋላ ገቢውን ይበልጥ ያሻሻለ አዲስ ሰው ቀድሞ ይመርጣል። ሊፍት የተበላሸበት ወይም መንገዱ ለግንባታ የተዘጋበት ለብቻው ይታያል፤ ያንን ማንም ሆን ብሎ አያመጣውም። እርግጥ በመጀመሪያው አጋማሽ ለመስነፍ የሚያስብ ሊኖር ይችላል። ግን ያ የጠፋ ገቢ በዕቅድ ሂሳቡ ላይ ስለሚቀር አያዋጣውም።

የቻይናታውኑ ሱፐርቫይዘር በጨዋታ ምሽት ሰሌዳውን አያወጣም፤ መጀመሪያ ወለሉን በአካል ያያል። ልጆቹ በእነዚያ ምሽቶች ያጡት ቲፕ ግን እስካሁን አልተካሰም። ማናጀሩ ቲፕ በሂሳብ ደብተር ስለማይገባ ይከብዳል ብሎኛል። የጨዋታ ምሽቶቹን ቀንና በበሩ የወጣውን ትኬት ብዛት ይዤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አነሳዋለሁ።