የሌላውን ሐዘን በአደባባይ ማሰብ

መጋቢት 29 ቀን ማምሻውን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ፣ በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ የጀመረውንና በ100 ቀናት ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎችን፣ በአብዛኛው ቱትሲዎችን፣ የፈጀውን የዘር ማጥፋት ሳስብ፣ አገራችን ዕለቱን በአደባባይ ልታስበው ይገባል የሚለው እምነቴ ጠነከረ። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ያስበዋል፤ በእኔ ሰፈር ግን እንደማንኛውም ቀን አለፈ። «የራሳችን ሐዘን መች አነሰን?» የሚሉኝን እረዳቸዋለሁ። ሆኖም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፉትን ወገኖቻችንን ጣሊያን በአደባባይ እንድታስብልን የምንሻ ሰዎች (አፊሌ በተባለች መንደሯ ለግራዚያኒ መታሰቢያ መሠራቱ ዛሬም ያንገበግበኛል) ከሌላው ለቅሶ መቅረት አይገባንም። የምጠይቀው ሐውልት አይደለም፤ በትምህርት ቤቶች የጠዋት ሰልፍ ላይ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎትና ታሪኩን የሚያውቅ መምህር አጭር ገለጻ ነው።