የአራስ አንገት ሕመምና የጋቢው እጥፍ

በእኛ በሰሜን ሸዋ ደጋ አራስ አንገቷንና ትከሻዋን ሲያማት ጠያቂው ሁሉ «ብርድ መትቷት ነው» ይላል። ብርዱ ምንም አያደርግም አልልም፤ ሰው ሲበርደው ትከሻውን ይሰበስባል፣ ጡንቻውም ተወጥሮ ይውላል። እኔ ግን ከብርዱ በፊት የምጠይቀው ልጁ ሲጠባ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተያዘ ነው።

ጨቅላ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እናቱ መደገፊያ በሌለው ዱካ ላይ ተቀምጣ ካቀረቀረች፣ 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ጭንቅላቷ ያን ሁሉ ጊዜ በአንገቷ የኋላ ጡንቻ ላይ ይንጠለጠላል።

ስለዚህ ልጁ ወደ ጡት ይምጣ እንጂ ጡቱ ወደ ልጁ አይውረድ። መደብ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ትስጥ፤ ከወገቧ ኋላ የተጠቀለለ ነጠላ ይግባ፤ እግሯ ከተንጠለጠለ መርገጫ ይደረግላት። ጭኗ ላይ ጋቢ ታጥፎ ይደራረብ፣ የልጁ አፍንጫ ከጡቷ ጫፍ ትክክል እስኪሆን ድረስ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጋቢው ላላ ብሎ ከታጠፈ ልጁ ሲጠባ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፣ እናትም ሳይታወቃት አብራው ትጎብጣለች። ጠበቅ ተደርጎ ይታጠፍ፣ ከክንዷም ሥር ይግባ። የልጁ ሆድ ከሆዷ ይጋጠም፤ አፉን በሰፊው ሲከፍት ታስጠጋው፤ አገጩ ጡቷን ይንካ። በደንብ ከያዘ በኋላ ራሷን ቀና አድርጋ ግድግዳው ላይ ታሳርፍ። ልጅን እያዩ ማጥባት ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፤ አንገት ግን እስኪጨርስ አይችለውም።

ሌሊት በጎን ተኝቶ ማጥባት ትከሻን ያሳርፋል። ትራሱ ለእሷ ራስ ብቻ ይሁን፤ ባናው ወይም ብርድ ልብሱ የልጁን ፊት እንዳይሸፍን፤ ጠብቶ ሲጨርስ በጀርባው ይተኛ።

ለደነደነው ጡንቻ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ፣ የማያቃጥል፣ ለ15 ደቂቃ። ከዚያ አገጭን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፤ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ ማቀራረብም እንደዚሁ። በቅቤ ማሸት ደግ ነው፤ አንገት ጠምዝዞ ማንቋቋት ግን አደገኛ ነውና ወጌሻም ቢሆን አይሞክረው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለጊዜው ሌላ ሰው ይቅዳላት።

ካልተሻላት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፣ እያጠባች መውሰድ ትችላለች። አይቡፕሮፌንም ለምታጠባ ይሆናል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያማት ግን አይሆንም።

እጇ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ወይም ደረቷን ወግቶ ትንፋሽ ካጠራት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።