7 ሰው የተቆጠረበት ታውንሺፕ

ባለፈው ዓመት የጂኦግራፊ ኮርስ ስወስድ አስተማሪያችን አንድ ሥራ ሰጠችን። ወንዝ ዳር ያለ አንድ ትንሽ የአሜሪካ ታውንሺፕ ምረጡ፣ መሬቱንና ሕዝቡን በአምስት ገጽ አሳዩኝ አለች። የምኖረው ፊላደልፊያ ነው። ከተማችን የምትጠጣው ከደላዌርና ከስኩልኪል ወንዞች ነው። እንግዲህ ደላዌርን ሽቅብ ልከተል አልኩና ካርታ ላይ በጣቴ ወደ ሰሜን ሄድኩ። ያገኘሁት ዋልፓክን ነው፤ ኒው ጀርሲ፣ ሰሴክስ ካውንቲ ውስጥ። የ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ነዋሪው 7 ነው ይላል። 7 ሺህ አይደለም። 7 ሰው።

እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚገጥመው ካለ እኔ ያባከንኩትን ሦስት ሳምንት አያባክን።

መጀመሪያ የተቸገርኩት በቃሉ ነው። ታውንሺፕ ሲባል ትንሽ ከተማ ይመስለኝ ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ ግን ታውንሺፕ ማለት የራሱ አስተዳደር ያለው የመሬት ክልል ነው። ወረዳ ብንለው ይቀርባል። እዚያ ስቴት ውስጥ እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት፣ ጫካውም ተራራውም ሳይቀር፣ በአንዱ የአካባቢ አስተዳደር ሥር ነው። ስለዚህ ታውንሺፑ አብዛኛው ደን ሆኖ ቢገኝ አይገርምም። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ደግሞ ያው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። ቀያሾች ጎኑን 6 ማይል አድርገው ያሰመሩት ካሬ መሬት ታውንሺፕ ይባላል። እኔ ሁለቱን አደባልቄ ነበር። ዋልፓክ ግን ካሬ አይደለም። ቅርጹን የሰጡት ወንዙና ተራራው ናቸው።

ካርታውን ራሴ በእርሳስ ሣልኩት። ከሠራሁት ሁሉ ይህ ይበልጥ ጠቅሞኛል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የከፍታ መስመር ያላቸውን ካርታዎች በነፃ ያወጣል። አንዱን አተምኩና ወረቀት ደርቤበት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። መጀመሪያ ደላዌር ነው፣ ማዶው ፔንሲልቬኒያ። ከወንዙ ዳር ዋልፓክ ሪጅ የሚባል ረዥም ጉብታ ይነሳል። ከጉብታው ጀርባ ሸለቆ አለ፣ በሸለቆው ውስጥ ፍላት ብሩክ የሚባል ትንሽ ወንዝ ይወርዳል። ከዚያ ኪታቲኒ ተራራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ውሃዎች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፣ መሃላቸው አንድ ጉብታ ብቻ ነው። ታች ፍላትብሩክቪል ላይ ትንሹ ወንዝ ትልቁን ይገናኛል። እዚያው አካባቢ ደላዌር ባልታሰበ ሁኔታ ይጠመዘዛል። እርሳሴን ወደ ታች እየጎተትኩ ሳለ ወደ ላይ መመለስ ነበረብኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ታች። ዋልፓክ ቤንድ የሚሉት ይህንን ጥምዝ ነው። ዋልፓክ የሚለው ስም ራሱ ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሌናፔዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ውሃ የሚሽከረከርበት ጉድጓድ እንደማለት ነው ይባላል። ካርታውን በስልክ ብቻ አይቼው ቢሆን ስሙና ቦታው እንዲህ መግጠማቸውን አላስተውልም ነበር።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ገባሁ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ሁለት ዓይነት ቁጥር ያወጣል። አንደኛው በየአሥር ዓመቱ ሁሉንም ሰው ለመቁጠር የሚደረገው ቆጠራ ነው። ሌላው ከናሙና ተነስቶ የሚገመት ዓመታዊ ጥናት ነው። እኔ ከጥናቱ ላይ ዕድሜውን፣ ገቢውን፣ ትምህርቱን በመቶኛ እየገለበጥኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለውን የስህተት ህዳግ፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር፣ ያየሁት በኋላ ነው። እንዲህ ጥቂት ሰው ባለበት ቦታ ህዳጉ ከቁጥሩ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ገጹን በሙሉ ሰረዝኩት።

የ2020 ቆጠራም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢሮው የሰዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲል የትንንሽ ቦታዎችን ቁጥር ሆን ብሎ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። የሕዝብ ድምሩ እንደተቆጠረ የሚወጣው በስቴት ደረጃ ብቻ ነው። ፊላደልፊያን በሚያህል ከተማ ይህ ልዩነት አይታይም። ዋልፓክ ላይ ግን 7 የተባለው በእውነት 5 ወይም 9 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ ከመከራከር አካሄዱን ማየት ይሻላል። በ1990፣ 67። በ2000፣ 41። በ2010፣ 16። በ2020፣ 7። የታውንሺፑ ስፋት ወደ 64 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሲካፈል ለአንድ ሰው 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ከሰንጠረዡ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ በመሄዳቸው ሕዝቡ ቀንሷል» የሚል። ማንንም አልጠየቅኩም። የገጠር ታሪክ ሁሌ እንደዚያ ስለሚመስለኝ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ መኪና ይዤ ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ይነዳል። ዲንግማንስ በሚባለው ጠባብ ድልድይ ተሻገርኩ። ወለሉ እንጨት ነው፤ ጎማው ሲያልፍበት ይንኳኳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርጄ ዋልፓክ ሴንተር ደረስኩ። ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የቀድሞ ፖስታ ቤት አለ፣ ጥቂት የእንጨት ቤቶች አሉ። ሰው የለም። መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ትንሽ ወጣ አልኩ።

መንገድ ዳር ሣር ውስጥ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አየሁ። ሦስተኛውን ስወጣ ወደየትም አያደርስም። ከደረጃው ግራና ቀኝ ቢጫ አበባ በመስመር ፈክቷል። በመስመር! የዱር አበባ ተሰልፎ አይበቅልም። አንድ ሰው ተንበርክኮ፣ ልክክ አድርጎ፣ በረንዳው ደጃፍ ላይ የተከለው ነው። ቤቱ ጠፍቶ አበባው በየዓመቱ ይመጣል።

መቃብሩን ሊያጸዱ የመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ጠየቅኳቸው።

«እዚህ ቤት ነበር እንዴ?»

«በዚህ መንገድ ሁሉ ቤት ነበር» አሉኝ። «የአክስቴም ነበረች። መንግሥት ገዛና አፈረሰው። ለግድብ ብለው።»

«ግድቡ የታለ?»

«አልተሠራም።»

ቤቴ ተመልሼ ያንን ዓረፍተ ነገር አጠፋሁትና ከሥሩ ጀመርኩ። ነሐሴ 1955 ኮኒና ዳያን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በቀናት ልዩነት መጥተው የደላዌርን ሸለቆ በጎርፍ መቱት። ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ከዋልፓክ በታች ቶክስ አይላንድ ላይ ትልቅ ግድብ እንዲሠራ ኮንግረስ በ1962 ፈቀደ። ሽቅብ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐይቅ ሊተኛ ነበር። በ1965 ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ ብሔራዊ መዝናኛ ሥፍራ እንዲቋቋም ተወሰነ። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች እርሻውንና ቤቱን መግዛት ጀመሩ፣ አልሸጥም ያለውን በሕግ አስገድደው። ብዙዎቹ ቤቶች ፈረሱ። ወጪው እየናረ፣ ተቃውሞው እየበረታ ሄደ። በ1975 ተፋሰሱን ከሚጋሩት አራት ስቴቶች ሦስቱ ግድቡን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። ኮንግረስ ፈቃዱን ጨርሶ ያነሳው በ1992 ነው። መሬቱ የመዝናኛ ሥፍራው ሆኖ ቀረ። ዛሬ ወንዙ ከላይ እስከ ታች ያለ ግድብ ይፈሳል፤ ያንን ውሃ ነው እኔ ቤቴ የምቀዳው። የወጡት ሰዎች ግን አልተመለሱም።

እና «ቀንሷል» የሚለውን ቃል መጠቀም አቃተኝ። «እንዲወጡ ተደረገ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ከጎኑ ምልክት አድርጋ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የድንጋይ ደረጃዎቹን ፎቶ አሳየኋት። ሰንጠረዡ ላይም 1962ንና 1975ን ጨመርኩ፤ የሕዝብ ቁጥር ሳይሆኑ ከቁጥሩ ጎን የቆሙ ዓመታት ሆነው። አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ስጀምር ቁጥሩን ከመክፈቴ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ አጣራለሁ። የመንግሥት መሬት ካርታው ላይ በአንድ ቀለም ተቀብቶ ይወጣል፤ ዋልፓክን መጀመሪያ በዚያ ካርታ አይቼው ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን እጠይቅ ነበር።

በዚህ ወር ከዋልፓክ በስተደቡብ ያለውን ፓሃኳሪን ጀምሬያለሁ። እሱም ወንዝ ዳር ነው፣ እሱም የግድቡ ቦታ ነበር። በ1990 የተቆጠረበት 20 ሰው ነው። በ1997 ከጎረቤቱ ሃርድዊክ ጋር ተቀላቀለ። የ2000ን ሰንጠረዥ ስከፍት ስሙ የለም።