ብርቱካን

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተስሞ፣ ቡና ተጠጥቶ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ ብሎኝ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። ሐምሌ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል፤ ታውቁኛላችሁ።

ትንሿ ከጓዳው በር ላይ ሆና «ባቢ፣ ያዝ!» ብላ ብርቱካን ወረወረችብኝ። ቀና ብዬም አላየኋትም። እጄ በራሱ ሄዶ ያዘው። እሷ ስቃ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኔ እጄን እያየሁ ቀረሁ። ጓንት ካወለቅሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ማን ነው ታዲያ ለዚህ እጅ አሁንም በረኛ ነህ ያለው?

ከዚያ ጆን በሪጅ ትዝ አለኝ። እንግሊዛዊው በረኛ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ ሚስቱ ድንገት ፍራፍሬ ትወረውርለት ነበር። እሱ ነው ወርውሪልኝ የሚላት፤ እጁ እንዳይተኛ። ኳስ አቅፎ የሚተኛ ሰው ነበር። ከጨዋታ በፊት ሜዳ ላይ በእጁ ይቆማል፣ ይገለባበጣል። አንድ ቀን ደግሞ ቡድኑ እየመራ ሳለ የግቡ አግዳሚ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ሰው እንደ እብድ ያየው ነበር። ለእኔ ግን በረኝነትን ከልቡ የወደደ ሰው ነው። ዘጠና ደቂቃ ብቻህን ቆመህ፣ ምናልባት ሦስት ጊዜ ብቻ ለምትፈለግበት ሥራ ራስህን እንዲህ ካላነቃህ በምን ትነቃለህ?

በሪጅ የተወለደው በ1951 ወርኪንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ወደ ሠላሳ በሚጠጉ ክለቦች ተዘዋውሯል። ብላክፑል፣ አስቶን ቪላ፣ ክሪስታል ፓላስ፣ ዎልቭስ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ኒውካስል፣ ስኮትላንድ ሄዶ ሂቤርንያን... ከቪላ ጋር በ1977 የሊግ ካፕ በላ። ከሂቤርንያን ጋር በ1991 የስኮትላንድን ሊግ ካፕ ሲያነሳ አርባ ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። በ1995 ለማንቸስተር ሲቲ ሲሰለፍ 43 ዓመቱ ነበር። በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ በዚያ ዕድሜ የተጫወተ ሌላ ሰው የለም።

እኔ በአራት ክለብ ደክሞኛል። በሦስቱ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ አንደኛው ደግሞ የሦስት ወር ደመወዜን ሳይሰጠኝ አሰናበተኝ። ሻንጣ ማሰር፣ አዲስ ከተማ ቤት መፈለግ፣ አዲስ ተከላካይ «ተው!» እና «ያንተ!» ስትለው እንዲሰማህ ማስለመድ። ሠላሳ በሚጠጋ ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አዲስ ሰው ሆኖ መግባትን ሳስበው ይከብደኛል።

ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሪጅ መጫወት ሲያቆም ታመመ። አካሉ ደህና ነው፤ የታመመው ውስጡ ነው። ሆስፒታል ገብቶ ታክሟል፤ እሱም አልደበቀውም፣ በአደባባይ ተናግሮታል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ገጹን ዘግቼ ወጣሁ። ያኔ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በሬን ዘግቼ የምተኛበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ ታስታውሳለች።

እና ኦማን ሄደ። የበረኞች አሰልጣኝ ሆነ። እዚያ ዓሊ አል ሐብሲ የሚባል፣ እሳት አደጋ መከላከል የሚሠራ ረጅም ልጅ አገኘ። ይህ ልጅ አውሮፓ ይጫወታል አለ። እንግሊዝ የሥራ ፈቃድ ስላልተገኘ ልጁ በ2003 ኖርዌይ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ ምርጥ በረኛ ተባለ። በ2006 የእንግሊዙ ክለብ ቦልተን ወሰደው። እዚያ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ለማድረግ ከሁለት ዓመት በላይ ጠበቀ። ሁለት ዓመት! ወንበር ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል። ሰውነትህን አሙቀህ፣ ላብህ ደርቆ፣ ማልያህን ንጹሕ እንደሆነ አጣጥፈህ ትመለሳለህ።

አል ሐብሲን የነገረችኝ እህቴ ናት፤ ሙስካት ሰው ቤት ስትሠራ። በጥር 2009 ደወለችና «ከተማው ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ጥሩምባ አላስተኛን አለ፤ በረኛቸው ነው አሉ» አለችኝ። ኦማን የባሕረ ሰላጤውን ዋንጫ ያነሳችበት ሌሊት ነው። በውድድሩ ሙሉ አንድም ጎል አልገባባቸውም። ፍጻሜው ከሳዑዲ ጋር ዜሮ ለዜሮ አልቆ በሪጎሬ 6 ለ 5 አሸነፉ። እህቴ ኳስ አይገባትም። ለእኔ ብላ ነው የደወለችው። እኔ በማግስቱ ስለ ልጁ ስፈልግ በሪጅን አገኘሁት።

አል ሐብሲ በኋላ ዊጋን ወደሚባል ክለብ ሄደ። በ2013 የኤፍኤ ካፕ ሲያነሳ ዊጋን ያሸነፈው ማንቸስተር ሲቲን ነው፤ በሪጅ በ43 ዓመቱ የቆመለትን ክለብ። ያን ቀንም ልጁ ወንበር ላይ ነበር።

ከቤታችን ጀርባ ያለውን ሜዳ ታውቁታላችሁ። የልጆቹ አሰልጣኝ ባለፈው ሳምንት «በረኞቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ያዝልኝ» ብሎኛል። አልመለስኩለትም። ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛው ጎበዝ ነው፤ ብዙ አያስፈልገውም። ሌላው ቀጭን፣ እጀ ረጅም፣ ዝም ያለ ልጅ ነው። ደፋር ይመስላል፤ ይወጣል፣ ይወድቃል። ግን ኳሱ እጁ ጋ ሊደርስ ሲል ዐይኑን ይጨፍናል። ከመስኮቴ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

የሚጨፍን ዐይን እንዴት ይገለጣል? መጀመሪያ በቀላል ኳስ ነው ወይስ በብርቱካን? በሪጅ ምን ያደርግ ነበር?